ባሕሩ መቀሌ ደርሶ ነበር፤ ዓለምን በአንድ ጊዜ ግን አልዋጠም

ከመቀሌ ወጣ ብሎ ወደ ኩሐ፣ ወደ መሶቦ ተራራ ግርጌ ወይም ወደ እንጣሎ ያቀና ሰው ድንጋይ ውስጥ የተጣበቀ ዛጎል ለማግኘት ብዙ መድከም የለበትም። ግንበኛው በሚጠርበው ድንጋይ ውስጥ አለ፤ እረኛው በሚያርፍበት ቋጥኝ ላይ አለ፤ ጎርፍ በሸረሸረው የእርሻ ዳር ሳይቀር ይገኛል። ከተማዋ የተቀመጠችው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው። የባሕር ፍጡር ቤት እዚህ ምን ይሠራል? ብዙ ሰው አፉ ላይ ቶሎ የሚመጣለት መልስ አንድ ነው፤ የኖኅ ዘመን ውሃ ያመጣው ነው ይላል።

መልሱ የሚናቅ አይደለም፤ ግማሹ እውነት ነው። እዚህ ባሕር ነበር። ይህን ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር መምህር እስከ ገጠር እረኛ ድረስ የሚክድ የለም። የቀረው ግማሽ ግን፣ ማለትም በሰው ዘመን ውሃ ተነሥቶ የዓለምን ተራራ ሁሉ በአንድ ጊዜ አልብሶ ነበር የሚለው፣ በሳይንስ መንገድ ሲመረመር የሚቆም አይደለም። ለዚህ ከማንም በላይ የሚመሰክሩት ደግሞ እነዚያው የመቀሌ ድንጋዮች ናቸው።

ጥያቄውን አጥርተን እንያዘው። በዓለም ላይ አስፈሪ ጎርፍ ደርሶ ያውቃል ወይ ከተባለ፣ በተደጋጋሚ ደርሷል። እዚህ የምንጠይቀው ሌላ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈው ታሪክ ዝናቡ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት እንደወረደ፣ የጥልቁ ምንጮች እንደተከፈቱ፣ ውሃው ከተራሮች በላይ አሥራ አምስት ክንድ ከፍ እንዳለና መርከቡ በአራራት ተራሮች ላይ እንዳረፈ ይናገራል። ሙሉ ይዘታቸው በግዕዝ ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌም ስለ ጥፋት ውሃው ያወሳሉ፤ በቁርኣንም የኑሕ መርከብ አለ። ሳይንስ የፈጣሪን ሥልጣን የሚለካበት መሣሪያ የለውም። ውሃን ግን ይለካል። ምን ያህል ውሃ እንደሚያስፈልግ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚሄድና ምን ዓይነት ዱካ ትቶ እንደሚያልፍ መጠየቅ ይችላል፤ ከዚህ በታች ያለውም ይኸው ነው።

ውሃው ከየት ይመጣል?

በምድር ላይ ያለው ውሃ ተጠቃሎ ወደ 1.4 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ኩብ ይጠጋል። ከመቶው 96 እጅ በላይ አሁንም ያለው ውቅያኖስ ውስጥ ስለሆነ ምድርን ለማጥለቅ የሚጠራ ተጨማሪ ኃይል አይደለም። ተጨማሪ ሊሆን የሚችለው በረዶ፣ የከርሰ ምድር ውሃና አየር ላይ ያለው እርጥበት ነው።

ከበረዶው እንጀምር። የአንታርክቲካና የግሪንላንድ በረዶ ተሟጦ ቢቀልጥ ባሕሩ ከ65 እስከ 70 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ቀላል መዓት አይደለም፤ ምፅዋና ጅቡቲ ከተማ ይሰጥማሉ፣ እስክንድርያ ትጠፋለች፣ ቀይ ባሕርም መንገድ ካገኘ ከባሕር ወለል በታች የተኛውን የዳናክል ረባዳ መሬት ዳግም ሊውጠው ይችላል። መቀሌ ግን ከአዲሱ የባሕር ዳርቻ ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትቀራለች። አየር ላይ ያለው እርጥበት ደግሞ ከነጭራሹ የሚያስገርም ነው። በዓለም ሰማይ ላይ ያለው ተን በሙሉ በአንድ ጊዜ ቢዘንብና በእኩል ቢከፋፈል መሬቱን የሚሸፍነው 25 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ደህና የሐምሌ ዝናብ እንደማለት። የከርሰ ምድር ውሃውም ቢሆን ሁሉም ወጥቶ ቢዘረጋ ጥልቀቱ በአሥራዎች ሜትር የሚቆጠር እንጂ ተራራ የሚያሰጥም አይደለም።

አሁን የሚያስፈልገውን እንቁጠር። መቀሌን ብቻ፣ ማለትም ባሕሩን በዓለም ዙሪያ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ለማድረግ፣ ዛሬ በውቅያኖሶች ውስጥ ካለው ውሃ ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጥ አዲስ ውሃ መጨመር ግድ ይላል። 8,849 ሜትር የሚረዝመውን ኤቨረስትን ለመሸፈን ከዛሬው ውቅያኖስ ሦስት እጥፍ በላይ ውሃ ይፈለጋል። ይህ ሁሉ ውሃ መጥቶ ቢሆን መሄጃም ያስፈልገው ነበር። ውሃ በአንድ ዓመት ውስጥ ከምድር ተነሥቶ የሚጠፋበት ቀዳዳ አይታወቅም።

የዝናቡን ነገር ለብቻው ማየት ይጠቅማል። ኤቨረስትን እንተወውና በራስ ዳሸን እንስማማ፤ ከፍታው 4,550 ሜትር ገደማ ነው። ይህን በአርባ ቀን ለመሙላት በየቀኑ ከ110 ሜትር በላይ መዝነብ አለበት፤ በሰዓት ወደ 4.7 ሜትር ማለት ነው። መቀሌ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ በየሰዓቱ የከተማዋ የስምንት ዓመት ዝናብ በአንዴ ይወርዳል ማለት ነው። በመሣሪያ ከተመዘገበው ሁሉ ኃይለኛ የሆነው የአንድ ቀን ዝናብ በሕንድ ውቅያኖስ በሬዩኒዮን ደሴት እ.ኤ.አ. በጥር 1966 የወረደው ሲሆን መጠኑ 1,825 ሚሊ ሜትር ነበር። ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም።

ችግሩ በብዛቱ ብቻ አያበቃም። ተን ወደ ውሃነት ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል፤ የደመና ጉልበት የሚመጣው ከዚሁ ነው። በቀን 110 ሜትር ዝናብ ከተን የሚወለድ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚለቀቀው ሙቀት ከቀትር ፀሐይ ሦስት ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። መርከብ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቀርቶ መርከቡ ራሱ አይተርፍም። ያን ያህል ውሃ በተን መልክ አስቀድሞ ሰማይ ላይ ነበር ቢባል ደግሞ የአየሩ ግፊት ከዛሬው በመቶዎች እጥፍ ይጨምራል፤ በዚያ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው አይኖርም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከብራዚል በተገኘ አልማዝ ውስጥ ሪንግዉዳይት የሚባል ማዕድን ቅንጣት ታየ፤ ውሃም አዝሎ ተገኘ። ማኅበራዊ ሚዲያው ነገሩን ከመሬት በታች ውቅያኖስ ተገኘ ብሎ አራገበው፤ የጥልቁ ምንጮች እነሆ የሚል ስብከትም ተከተለ። ግኝቱ እውነተኛና ትልቅ ነው፤ ትርጉሙ ግን ይህ አይደለም። ያ ማዕድን የሚኖረው ከ400 ኪሎ ሜትር በታች፣ ከምድር ቅርፊት ሥር ባለው ማንትል ውስጥ ነው። ውሃው እንደ ሐይቅ የተኛ ሳይሆን በጠጣሩ ድንጋይ ክሪስታል ውስጥ ተጣምሮ የታሰረ ነው። ለማውጣት ድንጋዩ መለወጥ ወይም መቅለጥ አለበት፤ ሲወጣም ከአንድ ሺህ ዲግሪ በላይ ከሚግለው ቅላጭ ጋር ነው የሚወጣው። ውሃ አገኘን ብሎ እሳት መጥራት ይሆናል።

ሌላው መከራከሪያ ከዚህ ይሻላል፤ በዚያ ዘመን ተራሮች ዝቅተኞች ነበሩ፣ ከውሃው በኋላ ነው የተነሡት የሚል። እውነት ነው፣ ምድር ሙልጭ ያለች ድቡልቡል ብትሆን የዛሬው ውቅያኖስ ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ በሆነ ጥልቀት ሁሉንም ይሸፍናት ነበር። ግን ተራራ በወራት ውስጥ ይቆማል ወይ? ይህን ለማየት አፋር ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በዳባሁ አካባቢ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ይዞ ተሰነጠቀ፤ በሳምንታት ውስጥ እስከ ስምንት ሜትር ተራራቀ፤ የእሳተ ገሞራ አመድ ወጣ፣ ምድር ተደጋግማ ተንቀጠቀጠች። የዓለም ተመራማሪ ሁሉ ዓይን ወደዚያ የዞረው ስምንት ሜትሩ ያልተለመደ ግዙፍ ክስተት ስለነበረ ነው። በተለመደው ጊዜ የዓረቢያና የአፍሪካ የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች የሚራራቁት በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ባልሞላ ፍጥነት ነው። አትላንቲክን ከፍቶ፣ ሂማላያንና የሰሜን ተራሮችን አንሥቶ በአንድ ዓመት መጨረስ ማለት የዳባሁን ዓይነት ክስተት በዓለም ዙሪያ ሌት ተቀን መደጋገም ነው። ከዚያ የሚወጣው ሙቀት ውቅያኖሱን ያፈላዋል።

የትግራይ ድንጋዮች ቅደም ተከተል

ስሌቱ ይብቃን፤ እኔን ከስሌቱ ይልቅ የሚያሳምነኝ ድንጋዩ ነው። የመቀሌ አካባቢ ለሥነ ምድር ተማሪ የተገለጠ መጽሐፍ ነው። ጄኔራል ናፒየር በ1860 ዓ.ም. ጦሩን ይዞ በአዲግራትና በእንጣሎ በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዝ ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የጂኦሎጂ ባለሙያ አብሮት ነበር። ጦሩ ዐፄ ቴዎድሮስን ሲያሳድድ እሱ ገደል ያይ ነበር። ያየውን በስም ለይቶ መዘገበ፤ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይና የእንጣሎ ኖራ ድንጋይ የሚሉት ስሞች ዛሬም በዓለም የጂኦሎጂ ጽሑፎች ውስጥ የሚሠራባቸው ከሱ ጀምሮ ነው።

ከታች ወደ ላይ እንውጣ። ከሥር ያለው በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት የተለወጠ እጅግ ጥንታዊ ድንጋይ ነው። በላዩ፣ ስማቸውን ከእንትጮና ከእዳጋ ዓርቢ ያገኙ ንብብሮች አሉ፤ እነዚህ በብዙ ክፍላቸው የበረዶ ግግር ሥራ ናቸው። አዎ፣ በረዶ። 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማና ከዚያም በፊት የዛሬዋ ትግራይ ከአፍሪካ፣ ከሕንድ፣ ከአንታርክቲካና ከደቡብ አሜሪካ ጋር በአንድ ግዙፍ አህጉር ውስጥ ሆና ወደ ደቡብ ዋልታ ቀርባ ነበር። በረዶው ሲንሸራተት ትልልቅ ድንጋይ ከደቃቅ ጭቃ ጋር ደባልቆ ዘረገፈ፤ ድንጋዮቹን እርስ በርስ አፋጭቶ ጫራቸው። ጭረቱ ዛሬም ይታያል።

ከበረዶው ንብብር በላይ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይመጣል። የገርዓልታን አብያተ ክርስቲያናት የተሳለመ ሰው ያውቀዋል፤ አባቶች ፈልፍለው የገቡበት ያ ቀይ ገደል ነው። አሸዋውን በአብዛኛው ወንዞች አምጥተው ነው ያስተኙት። ከላዩ አንዳንድ ቦታ ብረት የበዛበት ቀይ የአፈር ቅርፊት ይገኛል። እንዲህ ያለ ቅርፊት የሚፈጠረው መሬቱ ለረጅም ዘመን ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ነው፤ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ አይፈጠርም።

ባሕሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ታላቅ አህጉር መሰንጠቅ ሲጀምር መሬቱ ዝቅ አለ፤ ባሕርም ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከዛሬው ኦጋዴን በኩል፣ ቀስ እያለ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ገባ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ዓባይ በረሃን በመኪና ያቋረጠ ሰው የዚሁኑ ባሕር ኖራ ድንጋይና ጂብሰም ግራና ቀኝ እያየ ነው የሚያልፈው። በመቀሌ ዙሪያ ይህ የእንጣሎ ኖራ ድንጋይ ውፍረቱ እስከ 700 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ዕድሜው ከ150 እስከ 165 ሚሊዮን ዓመት ነው። የመሶቦ ሲሚንቶ ፋብሪካ ቆፍሮ የሚያቃጥለው እሱን ነው። ከተማዋ በአንድ በኩል የጥንት ባሕር ወለል እየፈጨች ፎቅ ትሠራለች፤ በሌላ በኩል የምትጠጣው ውሃ አጥሯት ከአይናለም ጉድጓዶች ትቀዳለች፣ ነዋሪውም ተራ ይጠብቃል። ታሪክ አንዳንዴ ፌዝ ያውቃል።

ይህ ኖራ ድንጋይ ከሌላ ቦታ ተጠራርጎ መጥቶ የተከመረ ጭቃ አይደለም። አብዛኛው በሕይወት ከነበሩ ፍጥረታት ቅርፊት የተሠራ ነው፤ ኮራል፣ ቀንድ አውጣ፣ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል፣ የባሕር ጃርት። ኮራሉ ንጹሕና ብርሃን የሚዘልቀው ጥልቀት የሌለው ውሃ ይፈልጋል፤ የሚያድገውም በዓመት በሚሊ ሜትር፣ ቢበዛ በሴንቲ ሜትር ነው። ጭቃ ውስጥ እየቆፈሩ የኖሩ እንስሳት ጉድጓድ በየንብብሩ ይገኛል፤ እንስሳው ኖሮበት፣ ጉድጓዱ በሌላ ጭቃ ተሞልቶ፣ ከላዩ ሌላ እንስሳ ደግሞ ኖሮበታል። ተራራ በሚያሰጥም ማዕበል መሐል ይህን ሁሉ ትውልድ የሚያሳድግ ሰላም ከየት ይገኛል?

ከኖራው በላይ የአጉላዕ ሼል አለ፤ ስስ ስስ ሆኖ የሚሰነጠቀው ድንጋይ። በውስጡ የጂብሰም ንብብር ይገኛል። ጂብሰም የሚተኛው የባሕር ውሃ ተነጥሎ በፀሐይ ሲተንን ነው፤ ባሕሩ እየሸሸ፣ እየደረቀ እንደነበር ይመሰክራል። ዓለም በሙሉ ውሃ በሆነችበት ቀን ጂብሰም የሚደርቅበት ዳርቻ አይኖርም። ቀጥሎ የአምባ አራዶም አሸዋ ድንጋይ ይመጣል፤ በ1928 ዓ.ም. ከፋሺስት ጦር ጋር ያን ከባድ ውጊያ ያየው ተራራ ስሙን የሰጠው ነው። ወንዞች ተመልሰው አሸዋ ማስተኛት ጀምረዋል ማለት ነው። በመጨረሻም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር ተሰንጥቃ ቅላጭ ድንጋይ ደጋውን አለበሰው። በደጉዓ ተምቤን በቅላጩ ንብብሮች መሐል የጥንት ሐይቅ ደለል ከጨው አልባ ውሃ ቀንድ አውጣ ጋር ይገኛል፤ አንዱ ፍሰት በርዶ፣ ሐይቅ ተፈጥሮበት፣ ሕይወት ኖሮበት ነው ሌላው ፍሰት የመጣው። መቀሌ ዙሪያ የሚታየው ጥቁር ዶለራይትም ኖራውንና ሼሉን ሰንጥቆ የገባ ቅላጭ ነው፤ የነካውን ሁሉ አቃጥሎታል። የሚሰነጠቀው ደግሞ አስቀድሞ ድንጋይ የሆነ ነገር ነው።

እንግዲህ በረዶ፣ ወንዝ፣ ደረቅ መሬት፣ ሞቃት ባሕር፣ የደረቀ ዳርቻ፣ እንደገና ወንዝ፣ ከዚያ እሳት። አንድ ጎርፍ በአንድ ዓመት ይህን ሁሉ በዚህ ተራ አይሠራም። የሌለውን ነገር መቁጠርም ይገባል። በእንጣሎ ኖራ ድንጋይ ውስጥ የሰው አጥንት፣ የላም ቀንድ፣ የአህያ ጥርስ ተገኝቶ አያውቅም። ጎርፉ ሁሉንም በአንድነት ቢያሰጥም ኖሮ ዛጎሉና ላሚቱ በአንድ ድንጋይ ውስጥ በተገናኙ ነበር። ሉሲ፣ ድንቅነሽ፣ የተገኘችው በአፋር ሐዳር 3.2 ሚሊዮን ዓመት ባስቆጠረ የሐይቅና የወንዝ ደለል ውስጥ ነው፤ ከኖራው ጋር የሚያገናኛት ነገር የለም።

ታዲያ ዛጎሉ እንዴት ሁለት ሺህ ሜትር ወጣ? ውሃው ወደ ተራራው አልወጣም፤ ተራራው ነው ከውሃው የወጣው። ከአፋር ሥር ከጥልቁ የመጣ ትኩስ የማንትል ድንጋይ ምድሪቱን ከሥር ገፍቶ አነሣት፤ ቅላጩ አከላት፤ ስምጥ ሸለቆውም ጎኗን ቆርጦ ገደል አደረጋት። የመቀሌ ባሕር ወለል ከነዛጎሉ አብሮ ተነሣ።

ጨው የሚቆጥረው ዘመን

ወደ ዘመናችን የቀረበ ባሕር የሚፈልግ ወደ ዳናክል ይውረድ። ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለው ያ ሜዳ፣ ቀይ ባሕር በተደጋጋሚ ገብቶ የደረቀበት ገንዳ ነው። በዳርቻው ዛሬ በረሃ ላይ የቆመ የኮራል ሪፍ አለ፤ ዕድሜው ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ነው። ከመሐሉ አፋሮች አሞሌ ይቆርጣሉ፤ ግመሉ ጭኖ በበራህሌ በኩል ይወጣል፤ መቀሌ ለዘመናት ገበያው ሆና ኖራለች።

የጨው ቆራጩ መሬት በቁፋሮ ሲታይ ጨው በመቶዎች ሜትር ውፍረት የተከመረበት ነው። አሁን አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለ። አንድ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለው የባሕር ውሃ ጠብታ ሳይቀር ቢተንን የሚተወው ጨው 16 ሜትር ያህል ውፍረት ቢኖረው ነው። በድስት የባሕር ውሃ ቀቅሎ ድስቱን ሙሉ ጨው ማግኘት አይቻልም፤ ድስቱን በጨው ለመሙላት እየጨመሩ ደጋግሞ ማትነን ይጠይቃል። ዳናክልም የሞላው እንዲሁ ነው፤ ባሕሩ እየገባ፣ እየተቋረጠ፣ ፀሐይ እየጠጣው። አንድ ጎርፍ መጥቶ ቢሄድ ኖሮ ትቶት የሚሄደው ስስ የጨው ልባስ ነበር፤ ግመል የሚጭነው አሞሌ አይገኝም።

ከትግራይ ውጭም የሚጠበቀው ዱካ የለም። በአንታርክቲካ ዶም ሲ በተባለ ቦታ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ጥልቀት ተቆፍሮ የ800 ሺህ ዓመት በረዶ ሳይቋረጥ ተነብቧል። በረዶ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ባሕሩ በላዩ ቢነሣ ከሥሩ ነቅሎት ይሰባብረው ነበር። ጭላዳ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዱር አይገኙም። ከአራራት ተነሥተው፣ በመንገድ አንድ አጥንት ሳይጥሉ፣ በቀጥታ ሰሜንና ባሌ ተራሮች ላይ የሰፈሩበትን መንገድ የሚያሳይ የለም።

ቄሶቹ ራሳቸው የተዉት ሐሳብ

የዓለም አቀፉን ጎርፍ ሐሳብ ከሳይንስ ያስወጡት ከሃዲዎች ይመስሉናል። ታሪኩ ሌላ ነው። ዊልያም ባክላንድ በኦክስፎርድ የጂኦሎጂ መምህርም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1823 ዋሻዎች ውስጥ የተገኙ አጥንቶችን የጥፋት ውሃው ማስረጃ አድርጎ ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። አዳም ሴጅዊክ በካምብሪጅ መምህርና ካህን ነበር፤ እሱም ሐሳቡን ተቀብሎ ነበር። ሁለቱም ሜዳ ወጥተው ደለሉን ንብብር በንብብር ሲመረምሩ አንድ ላይ የተኛ አልሆነላቸውም፤ የተለያየ ዘመን ሥራ ነበር። ሴጅዊክ እ.ኤ.አ. በ1831 ከለንደን ጂኦሎጂ ማኅበር ሊቀ መንበርነቱ ሲሰናበት አቋሙን በይፋ ሻረ፤ ባክላንድም በ1836 ባሳተመው መጽሐፍ የቀድሞውን ተወ። ዳርዊን ዋና መጽሐፉን ያወጣው ከዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሁለቱም ክህነታቸውን አልጣሉም።

በእኛ አገርም ይህን የእምነትና የሳይንስ ጠብ ማድረግ አስፈላጊ አይመስለኝም። በአንድምታ ትርጓሜ አንዱ ቃል «አንድም» እየተባለ በብዙ ገጽ የሚፈታባት ቤተ ክርስቲያን፣ መርከቡን የድኅነት ምሳሌ አድርጋ ስትሰብክ የኖረች ቤተ ክርስቲያን፣ ለእምነቷ የእንጣሎን ኖራ ድንጋይ ምስክርነት አትሻም። የሚያስቸግረው ሳይንስን ያልተናገረውን እንደተናገረ አድርጎ በመድረክ ላይ ማቅረብ ነው። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ድንጋዩን ራሱ ሲያይ የሚጎዳው ያ ነው።

ታሪኩ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ግን ይቀራል፤ ለዚህ ሳይንስ ከነጭራሹ ባዶ እጁን አይደለም። ጤግሮስና ኤፍራጥስ የሚያጠጡት ሜዳ ለጥ ያለ ነው፤ ሁለቱ ወንዞች አብረው ሲሞሉ ከአድማስ እስከ አድማስ ውሃ ይሆናል። የሱመርና የባቢሎን ሰዎች መርከብ ሠርቶ ስለተረፈ ሰው በሸክላ ላይ ጽፈዋል፤ ጆርጅ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1872 በብሪቲሽ ሙዚየም የጊልጋሜሽ የተባለው ጥንታዊ ተረክ የተጻፈበትን ሸክላ አንብቦ ይህን ሲያስታውቅ አውሮፓ ተደነቀች። ሊዮናርድ ዉሊ እ.ኤ.አ. በ1929 በጥንታዊቷ የዑር ከተማ ሲቆፍር ሦስት ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የጎርፍ ደለል አገኘና የኖኅን ውሃ አገኘሁ አለ፤ በዚያው ሜዳ ባሉት በኪሽና በሹሩፓክ ከተሞች የተገኙት ደለሎች ግን የሌላ ሌላ ዘመን ሆኑ። አንድ ጎርፍ አልነበረም፤ ብዙ ነበር፤ እያንዳንዱም ለደረሰበት ሰው ዓለም ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ ከ20 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ፣ የበረዶው ዘመን ሲያበቃ ባሕሩ በዓለም ዙሪያ 120 ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ በሺዎች ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ነበር እንጂ በአርባ ቀን አልነበረም።

እኛም ጎርፍ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ ሌሊት ከደጋው በወረደ ውሃ ተመታች፤ ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ያን ሌሊት ያየ ሰው ዓለም በውሃ ጠፋች ቢል ማን ይፈርድበታል? ውሃው የተወው ደለል ግን በወንዙ ዳርና በሰፈሮቹ ላይ የቀረ ነው፤ ሐረር ላይ አይገኝም። የሥነ ምድር ባለሙያም ጎርፍን የሚያውቀው እንዲህ ነው፤ በተወው ደለልና ደለሉ በሚያበቃበት ድንበር። ዓለም አቀፍ ጎርፍ ቢኖር ኖሮ በየአህጉሩ አንድ ዕድሜ ያለው፣ ድንበር የሌለው ንብብር በተገኘ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በየአገሩ ተቆፍሮ፣ ነዳጅና ማዕድን ፈላጊው ሁሉ ምድርን በስቶ፣ እንዲህ ያለ ንብብር አልተገኘም።

በመቀሌና በዙሪያዋ ድንጋይ የምትፈልጡ፣ መንገድ የምትቆርጡ፣ ከብት የምትጠብቁ ወገኖች ዛጎል ወይም አጥንት ያለበት ድንጋይ ስታገኙ ለጌጥ ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ቦታውንና ከየትኛው ንብብር እንደወጣ ጻፉ፤ ከዚያም ፎቶውንና ጽሑፉን መቀሌ ዩኒቨርሲቲ የመሬት ሳይንስ ትምህርት ክፍል ወስዳችሁ አሳዩ።